ስለ ሴቶች ብቻ መጸለይ ተገቢ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የማመልከውም እዚያው ሰፈር ባለች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለፈው እሁድ ፕሮግራሙ በሙሉ በዓለም ዙሪያ ላሉ ሴቶች የሚጸለይበት ነበር። እህቶች መድረክ ላይ እየወጡ ጸሎቱን መሩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አልተመቸኝም። ጳውሎስ «ስለ ሰዎች ሁሉ» አይደል ያለው? ይሄ የሴቶች መብት ፖለቲካ ተጠምዝዞ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ አይደለም ወይ? ደግሞስ ለማላውቃት የሩቅ አገር ሴት ብጸልይ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሬታህን ይዘህ ከማጉረምረም መጠየቅህ ጥሩ ነው።

ጳውሎስ «ስለ ሰዎች ሁሉ» ካለ በኋላ አላቆመም። ቀጥሎ «ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንትም ሁሉ» ብሎ ለይቶ ጠራ (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-2)። እኛስ? ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ስንጸልይ «የ8ኛ ክፍሎቹስ?» ብሎ የተቆጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ለይቶ መጸለይ የሚከብደን ተራው የሴቶች ሲሆን ከሆነ ምክንያቱን ራሳችንን እንጠይቅ።

ፖለቲካ ነው ወይ ላልከው፣ የባፕቲስት ሴቶች የጸሎት ቀን አዲስ ፋሽን አይደለም። የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አገሮቻቸው ሲዋጉ የቆዩ የአውሮፓ ሴቶች አብረው ለመጸለይ ተሰባሰቡ። ዛሬ በየዓመቱ በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ይታሰባል። ባፕቲስቶች ዘንድ የአምልኮ ፕሮግራም ከበላይ አይታዘዝም። ስለዚህ አጥቢያህ በፈለገችው እሁድ ልታደርገው ትችላለች።

ከዚያም በፊት ግን የሐዋርያት ሥራ 6 አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በየቀኑ እርዳታ ሲታደል ስለተዘነጉ አጉረመረሙ። ልብ በል፣ እነዚህ ሴቶች የተረሱት በጠላት እጅ አይደለም። የረሳቸው ራሱ የምእመናን ማኅበር ነው። ሐዋርያት «እኛ ለሁሉም እንጸልያለን፣ ታገሡ» አላሉም። ሕዝቡ ሰባት ሰዎች መረጠ። ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ጸሎት ነበር፣ ግን እንጀራውን የሚያድል ሰውም ተመደበ። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የችግሩን ባለቤቶች በስማቸው መጥራቱ ነው፦ መበለቶች።

እህቶች ጸሎት መምራታቸውን በአጭሩ ልለፈው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥5 ሴት በጉባኤ ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ስለ አለባበሷ ይመክራል እንጂ ዝም በይ አይላትም። ሴት መጋቢ (ፓስተር) ስለ መሆኗ ባፕቲስቶች መካከል ክርክር አለ። እሱ ሌላ ቀን።

አሁን ወደ «የሩቅ አገር ሴት» እንምጣ። እውነት ሩቅ ናት? አንተ ሰፈር አጠገብ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ ልብስ የሚሰፉት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ተሰባስበው አንድ ክፍል ተከራይተው ያድራሉ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ሰው በጉባኤያችሁ ስንት ይሆናል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱትን እናቶች 260,000 ያህል ብሎ ይገምታል። ከእነዚህ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ነው። ለዓለም ሴቶች ስትጸልይ ለጎረቤትህም እየጸለይክ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባሏ የሚደበድባትን እህት «እንጸልይልሻለን፣ ታገሺ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ጸሎት አይደለም፣ እጅ መታጠብ ነው። ድብደባ በሕግም ወንጀል ነው። መጀመሪያ የምታድርበት ደኅና ቦታ ይፈለግላት። የእሷን ጉዳይ ስም ጠርቶ መድረክ ላይ ማውጣትም ነውር ነው። በጸሎት ርዕስ ስም ሐሜት ይሆናል።

ስለ ወንዶችም ጴጥሮስ የተናገረው አለ። ሚስቶቻችሁን አክብሩ፣ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥7)። በጉባኤ ለሴቶች አልቅሶ እቤት ሚስቱን የሚያመናጭቅ ሰው ይህን ቁጥር በቃሉ ቢይዘው መልካም ነው።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ በወሊድ ጊዜ እናቶችን ከሚገድሉት ዋነኛው ደም መፍሰስ ነው። ጤነኛ ወንድ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የአጥቢያህን ወንዶች አስተባብርና ደም ባንክ ሂዱ። የሴቶች ኅብረቱን መሪዎችም ከቦሌ ለሚ ልጆች መካከል ማን ምን እንደቸገራት ጠይቃቸው፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።