መዥገሩ ውሻው ላይ ብቻ አይደለም

ከአዳማ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ግቢያችንን የሚጠብቅ የ3 ዓመት ውሻ አለን። ከክረምቱ ወዲህ መዥገር ወሮታል። በየእሑዱ ላምባ እየቀባሁ በእጄ እነቅልለታለሁ፤ በሳምንቱ ግን ያው ነው። ማደሪያው ከግንቡ ጥግ የተሠራች የቆርቆሮ ቤት ናት። ወንድሜ ለከብቶቹ የሚረጨውን መድኃኒት እንቀባው እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ወንድምዎን ያስቁሙልኝ። ለከብት የሚረጨው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ዲያዚኖን ነው፤ መርዝ ነው። በሬ የተረጨበትን ቆዳ እንደ ውሻ አይልስም። ውሻ ግን የተቀባውን ሁሉ ልሶ ይውጠዋል፤ በግምት የተበጠበጠ ከሆነ ደግሞ በቆዳው በኩል የሚገባው ብቻ ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ተቀብተው ለሃጫቸው እየተዝረበረበ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ የመጡልኝ ውሾች አሉ፤ ከእነርሱም ያልተረፉ ነበሩ። መዥገር ያባርራል እየተባለ ነጭ ሽንኩርት የሚያበሉም አሉ። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ እባክዎ አይሞክሩት።

በየሳምንቱ ነቅለው የማይጨርሱት ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ውሻን እንዲህ የሚወረው ብዙውን ጊዜ ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ይህ መዥገር ከእንቁላል ከወጣ በኋላ ሦስት ጊዜ ውሻ ላይ ይወጣል፦ የሰሊጥ ፍሬ የማያህል እጭ ሳለ፣ ትንሽ ከፍ ሲል፣ በመጨረሻም ሲጎለምስ። በእያንዳንዱ ጊዜ ለቀናት ደም መጥጦ ይወርድና በአቅራቢያው ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ሴቷ ጠግባ ስትወርድ የምትሄደውም ወደዚያው ነው፤ ግድግዳ መውጣት ትወዳለች። ከልስን ሥር፣ ከቆርቆሮው እጥፋት ወይም ከድንጋዩ መጋጠሚያ ገብታ እስከ 4,000 የሚደርስ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የጎለመሰው መዥገር ደግሞ ምንም ሳይበላ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። እንግዲህ እሑድ እሑድ የሚያዩት ተራው ደርሶ የወጣውን ብቻ ነው። ሌላው ግንቡ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ማደሪያው ላይ ነው። ውሻውን ሌላ ቦታ አስረው ያቆዩት። የተኛበትን ጆንያና ጨርቅ አጥበው አይመልሱ፤ ያቃጥሉት። ቤቷን ከግንቡ ነጥለው ያውጡ፤ ቦታው ከተጠረገ በኋላ በስንጥቁ ሁሉ የፈላ ውኃ ያፍስሱ። ከዚያ ለቤት ርጭት የተዘጋጀ የፐርሜትሪን ወይም የዴልታሜትሪን መድኃኒት፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንና ጣሪያውንም ያስረጩ። እስኪደርቅ ውሻው አይግባ። ድመት ካለችዎት ፈጽሞ አታስጠጓት፤ ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። ሲደርቅ የግንቡን ስንጥቅ በሲሚንቶ ያስደፍኑት። አንድ ርጭት እንቁላሉን አይጨርሰውም፤ በየሁለት ሳምንቱ እየደገሙ ወደ 3 ወር ይታገሡ።

አሁን ወደ ነቀላው። ላምባውን ይተዉት። ቆዳ ያቃጥላል፤ መዥገሩም ሲጨነቅ በአፉ ያለውን ወደ ቁስሉ መልሶ ይተፋዋል፤ በሽታም በዚህ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። እሳት፣ ቅቤና ዘይትም እንደዚሁ ናቸው። የሚያስፈልግዎ ቀጭን አፍ ያለው ወረንጦ፣ ጓንትና ጥቂት አልኮል ያለበት ክዳናም ብልቃጥ ነው። ውሻው የሚያምነው ሰው አንገቱን ይያዝለት። ፀጉሩን በጣትዎ ከፈል አድርገው የመዥገሩን ሆድ ሳይሆን ቆዳው ውስጥ የገባውን አፉን ይፈልጉ። ወረንጦውን ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ፣ ሳይነጥቁ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ቆዳው አብሮ እንደ ድንኳን ብድግ ይላል፤ እጅዎን አያላሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቃል። አፉ ተቆርጦ ቢቀር በመርፌ አይቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ቦታውን በአልኮል ወይም በአዮዲን ይጥረጉ። የነቀሉትን ብልቃጡ ውስጥ ይክተቱት እንጂ በጥፍርዎ አያፍርጡት፤ ይህ መዥገር ሰውንም በትኩሳት ሊያስይዝ ይችላል።

የሚፈለግበት ቦታ የጆሮው ውስጥና ጠርዝ፣ የጣቶቹ መሐል፣ ብብቱ፣ ብሽሽቱና ከጅራቱ ሥር ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እነርሱን ነው። በሽታው ከመዥገሩ ወደ ውሻው የሚያልፈው ከተጣበቀ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ከመንቀል በየማታው አምስት ደቂቃ መፈተሽ ይሻላል።

ለራሱ ለውሻው የሚሰጠውን መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። በትከሻው መሐል የሚንጠባጠብ ፊፕሮኒል አለ፤ ለአንድ ወር ያህል ይሠራል፤ ከመንጠባጠቡ ሁለት ቀን በፊትና በኋላ ውሻው አይታጠብ። ፍሉራላነር የሚባለው ከምግብ ጋር የሚሰጥ ኪኒን እስከ 12 ሳምንት ይጠብቃል፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዋጋው ቢከብድም እርሱን ነበር የምመርጠው። ይህን ኪኒን የወሰደ ውሻ የሚመጣበትን መዥገር እየገደለ ግቢውን ለማጽዳት ያግዝዎታል። ውሻው የሚጥል በሽታ ካለበት ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት። መድኃኒት የተነከረ የአንገት ማሰሪያም አለ፤ ሲገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተና ቀኑ ያላለፈ መሆኑን ይመልከቱ።

አንድ ያልጻፉልኝ ነገር አለ፤ ውሻው ይበላል? እንዲህ ለወራት የተወረረ ውሻ ኤርሊኪያ ወይም ባቤዥያ በሚባሉ የደም በሽታዎች ሊያዝ ይችላል። ዛሬ ማታ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢያንስ ደሙ በጣም አላነሰም። ከነጣ ግን፣ ወይም ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ አፍንጫው ከደማ፣ ምግብ ትቶ ከተኛ ነገን አይጠብቁ፤ ብልቃጡንም ይዘው ክሊኒክ ይውሰዱት።