ሄድሴቱ ደህና ነው፤ ብሮውዘሩ ነው ሌላ ማይክ የሚሰማው

ኡስታዝ፣ አብሽሩ። ሄድሴትዎ አልተበላሸም። ደሴ ሆነው ጂዳ ያሉ ልጆችን በጂትሲ የቪዲዮ ጥሪ ቁርአን እንደሚያቀሩ፣ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ሊኑክስ እና ፋየርፎክስ ብሮውዘርን እንደሚጠቀሙ ጽፈዋል። በሲስተሙ ሴቲንግ ላይ የዩኤስቢ ሄድሴቱ ሲናገሩ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ ግን ድምፅዎ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ የቤቱ ጫጫታም እንደሚሰማ ይነግሩዎታል። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይቺው ችግር አለችባቸው። አንዳንዱ ሰው ሁለተኛ ሄድሴት ገዝቶ ነው የሚመጣው። ብሩ ያሳዝናል።

ሊኑክስ ላይ ማይክ የሚመረጠው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ሲስተሙ የራሱ ምርጫ አለው። ፋየርፎክስም ፈቃድ ሲጠይቅ የማይክ ዝርዝር ያወጣል፤ አብዛኛው ሰው ዝርዝሩን ሳያይ ይፈቅድለታል። ጂትሲም በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ምርጫ አለው። እርስዎ ያስተካከሉት የሲስተሙን ብቻ ነው። በዚያ ላይ 22.04 ድምፅ የሚያስተዳድርበት ፐልስኦዲዮ የተባለ ፕሮግራም፣ አንድ ፕሮግራም ቀድሞ ከየትኛው ማይክ ይቀዳ እንደነበር ያስታውሳል። ስለዚህ ዋናውን ማይክ ቢቀይሩም ብሮውዘሩ ወደለመደው የላፕቶፑ ማይክ ሊመለስ ይችላል።

ከመገመት ማየት ይሻላል። ፓቩኮንትሮል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫኑ። ሜኑ ላይ «ፐልስኦዲዮ ቮሊዩም ኮንትሮል» ብላ ትመጣለች። ጂትሲ ውስጥ ይግቡ፣ ማይኩን ይክፈቱ፣ ከዚያ «ሪከርዲንግ» የሚለውን ታብ ይዩ። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ብሮውዘሩ እየቀዳ ካልሆነ ታቡ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ጥሪ ሳይጀምር ከፍቶ «ምንም የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ፋየርፎክስ ከሚለው ስም ጎን ከየትኛው ማይክ እየቀዳ እንደሆነ ተጽፎ ያገኙታል። እዚያው ወደ ሄድሴቱ ይቀይሩት፤ ጥሪው ሳይቋረጥ ይቀየራል። «ሞኒተር ኦፍ» ብሎ የሚጀምረውን ግን አይምረጡ። እሱ ከስፒከር የሚወጣውን ድምፅ ነው የሚቀዳው፤ ልጆቹ የራሳቸውን ቂርአት መልሰው ይሰማሉ።

ቀጥሎ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭነው ለጂትሲ የሰጡትን የማይክ ፈቃድ ያጥፉ። ገጹን እንደገና ሲከፍቱ ፋየርፎክስ ይጠይቃል። አሁን ዝርዝሩን ከፍተው ሄድሴቱን ይምረጡ።

መብራት ሲጠፋ ይቀየራል ያሉትም እውነት ሊሆን ይችላል። ሄድሴቱን ከግድግዳ ኃይል በሚወስድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክተውት ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ሄድሴቱም ይነቀላል። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ብሮውዘሩ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ይሸሻል። መብራቱ ሲመለስ ግን ብሮውዘሩ ሁልጊዜ አብሮ አይመለስም። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት።

ብሉቱዝ ልግዛ ወይ ላሉት፣ ለእርስዎ ሥራ አልመክርም። ብሉቱዝ ጥራት ባለው የሙዚቃ ሁነታ ሲሠራ ማይክ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ይጠፋል። ማይኩ እንዲታይ «ኮንፊገሬሽን» ታብ ላይ ወደ ስልክ ሁነታ መቀየር አለበት። ፐልስኦዲዮን በተካው ፓይፕዋየር ላይ፣ ማለትም ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀይራል። ግን በስልክ ሁነታ የድምፁ ጥራት ይሞታል። አሮጌው ኮዴክ (ድምፁን አሳንሶ የሚልከው ዘዴ) በ8 ኪሎኸርዝ ስለሚቀዳ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አያልፍም። ሲን፣ ሣእና ፋእ የሚባሉት የዓረብኛ ፊደላት በደንብ የሚለዩት ደግሞ እዚያ ላይ ነው። መኽረጅ (የፊደላትን መውጫ ቦታ) ለሚያርም ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳት ነው። አዲሱ በ16 ኪሎኸርዝ ይቀዳል፤ ይሻላል፣ ግን ርካሽ የሽቦ ሄድሴት አሁንም ይበልጠዋል።

ክሮሚየም ላይ ምንም ማይክ አይታየኝም ያልከው ወንድሜ፣ ያንተው የስናፕ ፈቃድ ነው፤ ስናፕ ኡቡንቱ ፕሮግራሞችን ለይቶ የሚጭንበት ጥቅል ነው። ሶፍትዌር ማከማቻው ውስጥ የክሮሚየምን ፈቃዶች ክፈትና ድምፅ መቅዳትን አብራ።

ኡስታዝ፣ ሄድሴቱ ተመርጦ «ሪከርዲንግ» ታብ ላይ መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው እዚሁ ይለጥፉልኝ።