ከቺካጎ ቶሮንቶ በሐይቅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ አንድ ነገር ነው። አሜሪካና ካናዳ ያሉ የጎንደር ልጆች ትልቅ የመዝናኛ መርከብ፣ ያት የሚባለውን፣ ተከራይተው ወላጆቻቸውን በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ሊያንሸራሽሩ አስበዋል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንዳይበላሽ ግን ከመርከቡ በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

«ልጄ ከቺካጎ ተነስተን ቶሮንቶ እህቱ ዘንድ እንሄዳለን ይለኛል። የአሜሪካ ቪዛ አለኝ። በውሃ ስለምንሄድ የካናዳው ይቅርብኝ?» (እናት፣ ከአዘዞ)

አይቅርብዎ እናቴ። ከአምስቱ ሐይቆች ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ያለው ሚቺጋን ብቻ ነው። በሱፒሪየር፣ በሂውረን፣ በኢሪና በኦንታሪዮ ድንበሩ ውሃው መሃል ያልፋል። ቶሮንቶ ወደብ ከያዛችሁ ካናዳ ገባችሁ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ቪዛ ግድ ነው።

ስትደርሱ የሚሆነውን ልንገርዎ። ካፒቴኑ የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስቦ ለድንበር ባለሥልጣናት ያሳውቃል። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ሌላው ሰው ከመርከቡ አይወርድም። ልጅዎ ወደቡ ላይ ቆማ እያዩዋት እንኳ ወርዶ መሳም የለም። ለልጅ ልጆችዎም ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

መመለሻውንም ያስቡበት። የአሜሪካ ቪዛዎ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ተጽፏል። «ኤም» የምትል ፊደል ካለች ብዙ ጊዜ ነው። ቁጥር 1 ከሆነ ግን ከወጡ በኋላ መመለሱ ሊያስቸግር ይችላል። ልጅዎ ለመርከቡ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

«ናያግራ ፏፏቴ መንገዱን አይዘጋውም እንዴ?» (ከማራኪ)

መርከቦች ፏፏቴውን በዌላንድ ቦይ ይዞሩታል። ቦዩ ሎክ የሚባሉ 8 የውሃ ደረጃዎች አሉት። መርከቡ በሁለት የኮንክሪት ግድግዳዎች መሃል ይገባል። ከኋላው በሩ ይዘጋል። ውሃው ሲለቀቅ መርከቡ ቀስ እያለ አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ከኢሪ እስከ ኦንታሪዮ 100 ሜትር ያህል የሚወረደው እንዲህ ነው። ገመድ የሚይዙ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ቅድሚያው ለጭነት መርከቦች ስለሆነ ተራ ጥበቃው ይረዝማል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቶሮንቶ በምትደርሱበት ዕለት ድግስ አትጥሩ።

የያቱ ርዝመት አያሳስባችሁ፤ ቦዩ 225 ሜትር የሚረዝም መርከብ ያሳልፋል። ከቺካጎ በወንዝ ወደ ሚሲሲፒ ልውረድ ለሚል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ከውሃው 6 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ፣ የማይነሳ የባቡር ድልድይ አለ። ትልቅ ያት ከሥሩ አያልፍም።

«መቼ ይሻላል?»

እኛ ጋ ክረምቱ ሲከብድ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ። ከገና ሰሞን እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ ዌላንድ ይዘጋል። የኅዳርን ማዕበል ደግሞ ፍሩት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1975 ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለው 222 ሜትር የሚረዝም የጭነት መርከብ ሱፒሪየር ላይ ሰጥሞ 29ኙም ሠራተኞች አልቀዋል። ሐይቅ ነው ብሎ መናቅ አያዋጣም።

«ጎርጎራ ጀልባ እነዳለሁ። የእነዚያ መርከቦች የሽንት ቤት ፍሳሽ የት ይሄዳል?»

ጥሩ ጠየቅህ ወንድሜ። ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና ወደብ ላይ በፓምፕ ይመጠጣል። ሐይቅ ውስጥ መድፋት ክልክል ነው፣ ቅጣትም አለው። ሌላም የሚፈሩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዜብራ መስል የተባለች ጥፍር የምታክል ባለዛጎል ፍጥረት እዚያ ተገኘች። ከባሕር ማዶ በመርከቦች ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ተጭና የመጣች ናት። ዛሬ የውሃ ቧንቧ ትደፍናለች፣ ማጥፊያም አልተገኘላትም። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ያየህ አንተ ነገሩ ይገባሃል። ጀልባህን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስታዞር እጠባት፣ አድርቃት። ይህን ከልቤ ነው የምለምንህ።

«ቋንጣ ይዤ ብሄድስ?» (ከፒያሳ)

ቋንጣውን ይተዉት፣ አያስገቡልዎትም። በርበሬና ሽሮ ሲይዙ ሳይደብቁ ያስመዝግቡ። በሐይቁ ድንበር ስታቋርጡም ያው ጥያቄ እንደገና ይመጣል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ምግብ ሁሉ ዝርዝሩ ካፒቴኑ እጅ ይሁን።