ድንቹ ለምን ሙጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ በቪዲዮ እንዳየሁት ድንቹን ልጬ፣ ቆራርጬ 15 ደቂቃ ቀቀልኩት። በሹካ ስፈጨው እየጓጎለ አስቸገረኝ። ጁስ መፍጫ ውስጥ ስጨምረው ደግሞ እንደ ሙጫ ተሳበ። ቀጥቅጬ የጨመርኩት ነጭ ሽንኩርትም ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያቃጥላል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያበላሸው ጁስ መፍጫው ነው። ግን ወደ ጁስ መፍጫው የላከዎት በደንብ ያልበሰለው ድንች ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ድንቹ ቶሎ አይበስልም። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በ15 ደቂቃ የሚያወጣው ድንች እኛ ጋ 25 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ይተዉትና በቢላ ይውጉት። ቢላው ሰተት ብሎ ከገባ፣ ቁራጩም በሹካ ሲነኩት ከፈረሰ በስሏል። ሲጥዱት ከቀዝቃዛ ውሃና ከጨው ጋር ይሁን፤ የፈላ ውሃ ላይ ከጨመሩት ውስጡ ሳይበስል ዳር ዳሩ ይፈርሳል። ውሃውን ካጠለሉ በኋላ ድንቹን እዚያው ድስት ውስጥ መልሰው በቀስታ እሳት አንድ ሁለት ደቂቃ እርጥበቱን ያባርሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ውሃ ያቆረ ድንች ግን ቅቤውን አይቀበልም።

አሁን ወደ ሙጫው። ድንች ሲበስል ስታርቹ (በውስጡ ያለው ዱቄት መሰል ነገር) ውሃ ጠጥቶ በየሕዋሱ ውስጥ ያብጣል። በመጨፍለቂያ ሲጫኑት ሕዋሶቹ ይለያያሉ እንጂ አብዛኞቹ አይፈነዱም። የጁስ መፍጫው ምላጭ ግን ይበጣጥሳቸዋል። ስታርቹ ይፈስና የሚሳብ ነገር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቅቤም ወተትም አይመልሰውም። እንዲህ የሆነብዎትን በመረቅ ያቅጥኑና ሾርባ ያድርጉት፤ መድፋት የለብዎትም።

መጨፍለቂያ ከሌለዎት ወንፊት ይበቃል። ድንቹ ትኩስ እያለ በጭልፋ ጀርባ እየተጫኑ ያሳልፉት። ወደ ታች ይጫኑ እንጂ እያሹ አያዙሩት። ክንድ ያደክማል፣ አልዋሽዎትም፤ ልስላሴው ግን ሆቴል ከሚበሉት አያንስም።

የነጭ ሽንኩርቱ ማቃጠል የሚመጣው ጥሬውን ሲቀጠቅጡት ነው። ሲደቅ በውስጡ ያለው ኢንዛይም (ለውጥ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ሥራ ይጀምርና አሊሲን የሚባለውን የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። ሳይቆረጥ ሙሉውን ካበሰሉት ግን ኢንዛይሙን ሙቀቱ ያጠፋዋል፣ ጣዕሙም ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል። የአገራችን ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ትንሽ ሆኖ ኃይለኛ ነው። ለ1 ኪሎ ድንች ከ8 እስከ 10 ፍንካች ልጠው፣ ሳይከትፉ፣ በ1 ብርጭቆ ወተት በቀስታ እሳት ያብስሉ። በጣት ሲጫኑት ሲፈርስ ያውጡና በሹካ አድቅቀው ከ100 ግራም የገበታ ቅቤ ጋር ያዋህዱት። ወተቱ እንዳይገነፍልብዎት አጠገቡ ይቁሙ።

መጀመሪያ ቅቤውን፣ ቀጥሎ ያንኑ ትኩስ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ድንቹ ውስጥ ያግቡ። የሚፈልጉት ውፍረት ላይ ሲደርስ ያቁሙ፤ ወተቱን ሁሉ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ክሬም ካለዎት የወተቱን ግማሽ በክሬም ይተኩ። ንጥር ቅቤ ይቻላል ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ይሆናል። ይቻላል፤ ኮረሪማውና በሶብላው ግን ነጭ ሽንኩርቱን ይውጡታል፣ ሌላ ምግብ ይሆናል። በጾም ጊዜ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት በጣም በቀስታ እሳት ያብስሉና ዘይቱንም ይጠቀሙበት፤ በወተቱ ምትክ ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።

ድንች ሲመርጡ ልጣጩ በአውራ ጣት የሚገፈፈውን ለጋ ይለፉት፤ ውሃ ይበዛበታል። ለዚህ ምግብ የሚሆነው ስታርች የበዛበት፣ ሲበስል የሚፈረፈረው ነው። ካልለየልዎት 11 ብርጭቆ ውሃ ውስጥ 1 ብርጭቆ ጨው አሟሙተው ጥሬ ድንቹን ይጨምሩበት። የሚሰምጠውን ለመፍጨት ይያዙ፣ የሚንሳፈፈውን ለወጥ ወይም ለሰላጣ ያስቀምጡ።