«የገበያ ከተማ» የሚባለው ምን ዓይነት ከተማ ነው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ካርታ ላይ «ማርኬት ሃርቦሮ» እና «ቺፒንግ ካምደን» የሚሉ የከተማ ስሞች አየሁ። ገበያ የሌለው ከተማ የለም፤ ታዲያ እነዚህን ለይተው «የገበያ ከተማ» የሚሏቸው ለምንድን ነው? ገበያውስ ዛሬም ይቆማል?

መልስ፦ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ገበያ ማቆም በንጉሥ ፈቃድ የሚገኝ መብት ነበር። ባለፈቃዱ ባላባት ወይም ገዳም ከሻጮች ቀረጥ ይሰበስባል፤ የዳቦና የቢራ ዋጋ ይቆጣጠራል፤ የነጋዴዎችንም ክርክር ሳይውል ሳያድር የሚቆርጥ ችሎት ያስችላል። ባለጉዳዮቹ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ ይዳኙ ስለነበር፣ ችሎቱ በፈረንሳይኛ «አቧራ የለበሱ እግሮች» ከሚለው ሐረግ በወጣ ስም ይጠራ ነበር።

አዲስ ገበያ የጎረቤቱን ገበያ እንዳይጎዳ ርቀቱም ይታሰባል። በሄንሪ ደ ብራክተን ስም የሚታወቀው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ድርሳን እንደሚያሰላው፣ የአንድ ቀን መንገድ 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀኑ ሲሶ ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመገበያያ፣ ሲሶው ሳይመሽ ቤት ለመግባት ይውላል። በዚህ ስሌት በሁለት ገበያዎች መካከል 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊኖር ይገባል። ቅቤ ሻጭዋ በፀሐይ ቤቷ እንድትገባ ያሰበ ሕግ በመሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ከዘመኑ ሕጎች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ስሞቹም ይህንኑ መብት ይዘው የቀሩ ናቸው። «ማርኬት» ግልጽ ነው፤ «ቺፒንግ» ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ገበያ ማለት ከነበረ ቃል የመጣ ነው። በቺፒንግ ካምደን ባፕቲስት ሂክስ የተባለ ባለጸጋ በ1627 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሠራው የገበያ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ጎኖቹ በድንጋይ ቅስቶች የተከፈቱ ናቸው፤ የወለሉ ድንጋይ ከብዙ እግር ብዛት አባጣ ጎርባጣ ሆኗል። በማርኬት ሃርቦሮ ያለው የ1614ቱ ትምህርት ቤት ደግሞ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ከላይ ልጆች ይማሩ ነበር፤ ከሥር ሻጮች ከዝናብ ተጠልለው ቅቤያቸውን ይሸጡ ነበር።

ገበያው ዛሬም በብዙዎቹ ከተሞች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆማል። የከብቱ ገበያ ግን ከአብዛኞቹ ጠፍቷል፤ በ2001 አፍተግር በተቀሰቀሰ ጊዜ ከተዘጉት አንዳንዶቹ ዳግም አልተከፈቱም። የቀረው የአትክልት፣ የአይብ፣ የአበባ ችግኝና የልብስ ንግድ ነው። ሻጮቹ ማለዳ የብረት ማቆሚያ ተክለው ባለ መስመር ሸራ ይወጥራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነቅለው ይሄዳሉ፤ አደባባዩም በማግስቱ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።