ይሄ ሳህን ኦቨን ይገባል ወይ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ስለ ፓስታ አልፎርኖ ከጻፍኩ በኋላ ከመጡልኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ፓስታው አይደሉም፣ ስለሚጋገርበት ሳህን ናቸው። ለምን ፈነዳብኝ፣ ይሄኛው ይገባል ወይ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁት ድስትስ እያላችሁ ነው የጻፋችሁልኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እጅ የሚያቃጥል አንዳንዴም ሳይታይ ልጅ የሚጎዳ ነገር ስለሆነ በደንብ ቢወራበት ጥሩ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ላዛኛ ከኦቨን አውጥቼ ሲንኩ አጠገብ ግራናይቱ ላይ ሳስቀምጠው ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሳህኑ ታች ላይ ግን ኦቨን ይገባል ይላል። ተሸውጄ ነው?

መልስ፦ እንኳን እጅሽ ተረፈ። ማንም አልሸወደሽም፣ ሳህኑ ላይ የተጻፈውም ውሸት አይደለም። ኦቨን ይገባል ሲል ሙቀቱን ይችላል ማለቱ ነው እንጂ ከዛ ሙቀት ወጥቶ ድንገት ቀዝቃዛ ላይ ማረፉን ይችላል ማለቱ አይደለም። ሴራሚክ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከሙቀት ብዛት ሳይሆን ከድንገተኛ ለውጥ ነው፣ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁልኝ ከታች ያለው ሁሉ ይቀላችኋል። ሲሞቅ ትንሽ ይለጠጣል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ችግሩ ሙቀትን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ 180 ዲግሪ ውስጥ የቆየ ሳህን ግራናይት ላይ ሲያርፍ ታቹ ወዲያው መሰብሰብ ይጀምራል ጎኑና ላዩ ደግሞ ገና እንደተለጠጠ ነው፣ ብረት ቢሆን ትንሽ ተጣሞ ያልፈው ነበር ሴራሚክ ግን መጣመም ስለማይችል ይሰነጠቃል። ሲንክ አጠገብ ነው ያልሽው፣ እዛ ጋ ደግሞ ውሃ አይጠፋም፣ እርጥብ ቦታ ሙቀቱን ከደረቅ ቦታ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ይመጠዋል።

ስለዚህ ከኦቨን ሳታወጪ በፊት የሚያርፍበትን ቦታ አዘጋጂ፣ ደረቅ ፎጣ አጣጥፈሽ ወይ የእንጨት መክተፊያ ላይ። የምትይዢበት ጨርቅም ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ጨርቅ ሳህኑንም ይጎዳል፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ እጅሽንም ያቃጥልሻል። ሥጋው ደረቀብኝ ብለሽ የጋለ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሺ፣ መረቅ መጨመር ካለብሽ ሙቅ አድርገሽ ጨምሪ። ባዶውን ሳህንም የጋለ ኦቨን ውስጥ አትክተቺው። ከፍሪዘር የወጣውን ደግሞ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ከዛ ውጭ ተቀምጦ ቅዝቃዜው ይልቀቀው። በልተሽ ስትጨርሺም ትኩሱን ሳህን ቧንቧ ስር አታድርጊው፣ ይቀዝቅዝ።

አንዳንዴ ደግሞ ስንጥቁ የቆየ ነው። ከወር በፊት ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ በዓይን የማይታይ መስመር ያበጀ ሳህን ዛሬ ሙቀት ሲያገኝ ይጨርሰዋል፣ "ምንም ሳላደርገው ፈነዳ" የምትሉኝ ብዙዎቻችሁ እንደዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ኦቨን ያለው ስቶቭ ገና መግዛታችን ነው። የቤቴ ሳህኖች ታቻቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ካልተጻፈ አይገባም ብለሽ ተነሺ። አዎ፣ ከመሃላቸው ሊችል የሚችል ይኖራል፣ ግን ሞክሮ ማየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ትልቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሜላሚኑን ለይልኝ። ሜላሚን ሴራሚክ ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፣ አበባ ያለበት ቆንጆ ሳህን ሆኖ ብዙ ቤት አለ፣ ስታነሺው ቀለል ይላል፣ በጥፍርሽ ስትመቺው እንደ ሲኒ አይጮህም ድምፁ ድፍን ያለ ነው። እሱ ኦቨንም ማይክሮዌቭም መግባት የለበትም፣ ሲግል ከውስጡ ኬሚካል ወደ ምግቡ ይለቃል።

ከእውነተኛው ሴራሚክ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰው ሸክላ ሲጋጭ ቶሎ የሚሰበር ነው፣ ስቶንዌር የሚባለው ከ1200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰው ከበድና ወፈር ያለው ለኦቨን የሚሠራው ነው፣ ፖርሲሊንም በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ነው ግን ስስ የሻይና የቡና ዕቃ የሆነው ለኦቨን ተብሎ አልተሠራም። ወርቅማ ጠርዝ ያለውን ተዪው፣ ወርቁ ይጠፋል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ለኦቨን የሚሆን አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ከቻልሽ ታቹ ላይ ምልክትና የሙቀት ልክ የተጻፈበት አንድ ወፍራም ስቶንዌር ግዢ፣ ለፓስታውም ለድንቹም ለዶሮውም ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከቀጨኔ የገዛችልኝን የሸክላ ድስት በሻንጣ አምጥቼ ፍራንክፈርት ይዤው አለሁ። እዚህ ያለው ስቶቭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ኦቨን ውስጥ ወጥ ልሠራበት አስቤ ፈራሁ። ጀበናችን ፍም ላይ ተቀምጦ ችግር የለበትም፣ ታዲያ ይሄ ለምን ኦቨን ይፈራል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ጀበናና የሸክላ ድስት የሚተኮሱት ሜዳ ላይ በእንጨትና በጭራሮ እሳት ነው፣ ሙቀቱ ከፋብሪካው በጣም ያነሰ ስለሆነ ጭቃው እንደ ብርጭቆ አይገጥምም፣ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፣ ሠሪዎቹ ደግሞ አሸዋማ አፈር ወይ የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበታል። ስንጥቅ ሲጀምር ቀዳዳው ወይ የአሸዋው ፍሬ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ የተቀደደ ጨርቅ ስፌቱ ጋ ሲደርስ እንደሚቆመው። አብረቅራቂው ሳህን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ስንጥቁን የሚያቆመው ነገር የለም፣ ዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ ያንቺ ድስት እሳትን በመቻል ከሱቁ ሳህን አያንስም፣ እነዛ የቀጨኔ እናቶች በእጃቸው የያዙት ዕውቀት ቀላል አይደለም።

የሚገድለው እርጥበት ነው። ቀዳዳ ስላለው ውሃ ይጠጣል፣ እርጥብ ሆኖ የጋለ ኦቨን ከገባ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሟሺው፣ እናትሽ እንዴት እንደምታሟሽ ደውለሽ ጠይቂያት፣ ቤቱ ሁሉ የየራሱ አለው፣ ዋናው ዘይት አስጠጥቶ በዝግታ ማሞቁ ነው። ከዛ ወጡን ከትተሽ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ አስገቢውና እሱ ውስጥ እያለ ኦቨኑን አብሪ፣ መጀመሪያ 100፣ ቆይተሽ 150፣ ከዛ 170 አካባቢ ላይ ተዪው። ሽንኩርቱን ግን በሌላ ድስት አቁላልተሽ ብትገለብጪው ይሻላል፣ ኦቨን ቁሌት አያወጣም። ሲበስል ኦቨኑን አጥፍተሽ እዛው ትንሽ ይረፍ። ስታጥቢ ሳሙና አይንካው፣ ይጠጣውና የሚቀጥለው ወጥ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ሙቅ ውሃና ብሩሽ ይበቃል፣ ሳይደርቅ ደግሞ ክዳኑን ገጥመሽ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው ይሻግታል።

ጀርመን ስላለሽ፣ እዛ ሮመርቶፕፍ የሚባል ከ1967 ጀምሮ የሚሸጥ የሸክላ ዕቃ አለ፣ እሱ እንዲያውም ሆን ተብሎ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚገባው። ካልኩሽ ጋር አይጋጭም፣ እሱም የሚገባው ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ስለሆነ ውሃው በዝግታ እየተነነ ምግቡን ያለሰልሰዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ለጌጥ ተብሎ ቀለም ወይ ቫርኒሽ የተቀባ ጀበናና ድስት አለ፣ እሱ መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ አታብስይበት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ በጣም የምትወደውን ቀለም የበዛበት የድሮ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ሰጠችኝ፣ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ቲማቲም ሶስ ያለበት ነገር ልጋግርበት?

መልስ፦ አትጋግሪበት እናቴ፣ ምግብም አታቅርቢበት። የድሮ ዕቃ ላይ ያለው አብረቅራቂ ልባስ፣ ግሌዝ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ እርሳስ ወይም ሊድ የሚባለው ብረት ይገባበት ነበር፣ ቀለሙን ያደምቀዋል በትንሽ ሙቀትም እንዲቀልጥ ይረዳዋል። በደንብ ካልተተኮሰ እርሳሱ ወደ ምግብ ይወጣል፣ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ደግሞ ይብሳል፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቼቶ። ሙቀትና ረጅም ቆይታም ይጨምሩታል። እርሳስ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም፣ ልጅ ላይ የአእምሮ እድገት ይጎዳል፣ ከእናት ወደ ጽንስም ያልፋል፣ ደም ውስጥ ይሄን ያህል ቢሆን ችግር የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። አሜሪካ ያለው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ እርሳስ የለውም ተብሎ የተጻፈባቸው አንዳንድ የባህል ሸክላ ዕቃዎች ላይ ሳይቀር እርሳስ እንደተገኘ አስጠንቅቋል።

ሱቅ የሚሸጡት የሚጠረግባቸው መመርመሪያዎች ካገኙ አገኙ ነው፣ ምንም አላሳዩም ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። አማትሽ እንዳይከፋት እውነቱን ንገሪያት፣ ለሕፃኑ ብዬ ነው ስትያት ከማንም በላይ የምትረዳሽ እሷ ነች፣ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ስቀይው። እስካሁን በልተሽበት ከሆነ ለሐኪምሽ ተናገሪ፣ የደም ምርመራ ቀላል ነው።

እግረ መንገዴን፣ ግሌዙ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ሳህን ስላላችሁ ለጠየቃችሁኝም መልሱ ቅርብ ነው፣ በዛ ስንጥቅ ውስጥ እርጥበትና ቅባት ይገባል ባክቴሪያም ይቀመጥበታል፣ ኦቨን ውስጥ መጠቀም ይቅርባችሁ።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነታንያ ነን። ለሰንበት ምግቡን በሴራሚክ ዕቃ አድርገን ፕላታ በሚባለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ እናሳድራለን። ባለፈው አንዱ ታቹ ተሰነጠቀ።

መልስ፦ ፕላታ ከኦቨን ይለያል፣ ኦቨን ዙሪያውን ነው የሚያሞቀው ፕላታ ግን ከስር ብቻ። ከፍሪጅ ወጥቶ የጋለ ፕላታ ላይ የተቀመጠ ሳህን ታቹ ይግላል ላዩ በረዶ ነው፣ ከላይ ያልኩት ነገር ማለት ነው። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ምግቡን ኦቨን ውስጥ በደንብ አሙቁትና ወደ ፕላታው አዛውሩት፣ ወይም ዕቃውን ፕላታው ገና ቀዝቃዛ እያለ አስቀምጣችሁ አብረው ይሙቁ። ታቹ ጠፍጣፋ ያልሆነ ዕቃም አይሆንም፣ የሚነካው ቦታ ብቻ ይግላል። ለዚህ ሥራ ግን ወፍራም የብረት ድስት ይሻላል ብዬ ነው የማምነው።

አጫጭሮቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ፒሬክስ ሴራሚክ ነው ወይ ላላችሁ፣ አይደለም፣ ብርጭቆ ነው፣ ኦቨኑ ቀድሞ ከሞቀ በኋላ ነው የሚገባው ምክንያቱም ኦቨኑ ገና እየሞቀ እያለ የሚያሞቁት ብረቶች በጣም ይግላሉ። ብሮይለር ስር፣ ማለት ከላይ በሚወርደው እሳት፣ ፒሬክስም አብዛኛው ስቶንዌርም አይገባም። "ሴራሚክ መጥበሻዬ ኦቨን ይገባል?" ላልከው ወንድሜ፣ እሱ አሉሚኒየም ላይ በስሱ የተቀባ ልባስ ነው፣ የሚወስነው እጀታው ነው፣ ፕላስቲክ ወይ እንጨት ከሆነ አታስገባው፣ ክዳኑም ለብቻው ይታይ።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ፣ ያገለገለ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነጭ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት ኮርኒንግዌር የሚባለውን ማብሰያ ዕቃ በ6 ዶላር አገኘሁ። ሰዎች ስቶቭ ላይም ይቀመጣል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ የድሮው ከሆነ እውነት ነው፣ አጋጣሚውም ጥሩ ነው። በ1953 ኒውዮርክ ውስጥ ኮርኒንግ በሚባለው የብርጭቆ ኩባንያ ዶናልድ ስቱኪ የሚባል ተመራማሪ አንድ ብርጭቆ 600 ዲግሪ ላይ ሊያሞቅ ከቶት ምድጃው ተበላሽቶ 900 ደረሰ፣ ቀለጠ ብሎ ሲከፍተው ነጭ ሆኖ አገኘው፣ ሲያወጣው ከእጁ አመለጠና ወለል ላይ ወደቀ፣ አልተሰበረም። ከዛ ነው በ1958 ኮርኒንግዌር ገበያ የወጣው። ይሄ ነገር ሲሞቅ የሚለጠጠው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ለድንገተኛ ለውጥ ግድ የለውም፣ ስቶቭ ላይም ኦቨንም ይችላል።

ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ በዛው ስም ተራ ስቶንዌር ተሽጧል፣ እሱ ስቶቭ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገልብጪው። የድሮው ታቹ ላይ ብዙ ጊዜ በኤ ወይም በፒ ፊደል የሚጀምር የሞዴል ቁጥር አለው፣ ስቶንዌሩ ላይ ስቶቭ ላይ አይቀመጥም የሚል ይጻፍበታል፣ ታቹም ላይ ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት ይኖረዋል። ከነክዳኑ ካገኘሽው ደግሞ ክዳኑ ግልጽ ብርጭቆ ነው፣ እሱ እንደ ድስቱ አይደለም፣ ስቶቭ ላይም ብሮይለር ስርም አታድርጊው።