የአባቴ ሰዓት ስንት ያወጣል? ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰዓት ስጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከወላጅ የተረፈ ሰዓት ያላችሁ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ካሰብኩት በላይ መጣ። ሁሉንም አልጨርሰውም፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ዓምና ዐረፈ። ሳጥኑ ውስጥ ሲኮ 5 አገኘን። አንዱ 3 ሺህ ብር ልስጥህ አለኝ። ሌላው «አንቲክ ነው፣ በዶላር ነው የሚሸጠው» ይላል። ማንን ልመን? (ከመሐል ሜዳ)

ነፍስ ይማር። ሁለቱንም አትመን። ሲኮ 5 በፈረንጆቹ 1963 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዓለም ላይ ሞልቷል። የሞላ ነገር ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይወደድም። ዋጋውን የሚወስነው ሞዴሉ፣ ፊቱ የመጀመሪያው መሆኑ፣ ቀፎው አለመሞረዱና ውስጡ ያልተቀያየረ መሆኑ ነው።

ጀርባውን አገላብጠህ እይ። በጭረት የተለያዩ አራት አራት አሃዞች አሉ፤ ለምሳሌ 6119-8083። የመጀመሪያው አራት የሞተሩ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው የቀፎው። ሌላ ቦታ ስድስት ወይም ሰባት አሃዝ ታገኛለህ። የዚያ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ። በ14 ከጀመረና ሞተሩ 6119 ከሆነ ሚያዝያ 1971 ማለት ነው፤ በእኛ 1963 ዓ.ም.። ለምን 1981 አይሆንም? ያ ሞተር የ60ዎቹ መጨረሻና የ70ዎቹ ስለሆነ።

ከዚያ ያንኑ ቁጥር ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ፈልግ። ግን የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከት። መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደነግጥ ገንዘብ አታገኝም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ። ምን ላድርግ?

የኔ አባት ሲኮ ቀኑን በዓረብኛ ይጽፋል። ፎርጅድ ይሆን?

አይደለም። ሲኮ የቀኑን ስም በሁለት ቋንቋ ያትማል። ለዓረብ አገር ገበያ የወጣው እንግሊዝኛና ዓረብኛ አለው። ቀኑን አንድ እርምጃ ስታሳልፈው እንግሊዝኛው ይመጣል።

«21 ጁወልስ» ይላል። ውስጡ አልማዝ አለ ማለት ነው?

ይህን ብለው ሰዓት ያስፈቱ ሰዎች አውቃለሁ። ድንጋዩ ሩቢ ነው፤ እሱም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ። የጥርሶቹ ዘንግ የሚሽከረከርበት ጠንካራ መቀመጫ ነው። ዋጋ የለውም። እባካችሁ አታስፈቱ።

ጋሼ፣ የእናቴ ቲሶ ወርቅ ይመስላል። ወርቅ ቤት ወስጄ ላስመርምረው? (ከአንኮበር)

እህቴ፣ አትውሰጂው። ወርቅ ሠሪ የሚመረምረው ድንጋይ ላይ አሽቶ ነው። ቅብ ከሆነ ያሸበት ቦታ ተልጦ ይቀራል። መጀመሪያ ጀርባውንና የማሰሪያውን መያዣ በአጉሊ መነጽር እይ። 750 ወይም 18 ካለው ባለ 18 ካራት ወርቅ ነው፤ ከመቶ 75 እጁ ንጹሕ። «20 ማይክሮን» ወይም «ፕላኬ» ካለው ቅብ ነው። 20 ማይክሮን የሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት እጅ ነው። ማሰሪያው የሚገባበት ጠርዝ ላይ ነጭ ብረት ብቅ ካለም ቅብ መሆኑን ይነግርሻል። ቢሆንም ቲሶ በፈረንጆቹ 1853 የተቋቋመ ጥሩ ቤት ነው። ቅብ ነው ብለሽ አትናቂው።

ሰዓቱ ተቧጭሯል፣ ፊቱም ቢጫ ሆኗል። አሳምሬ አዲስ ላስመስለው እችላለሁ?

ከሁሉም በላይ ስንት ሰው ይህን እንደጠየቀኝ! መልሴ አይሆንም ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። የሰዓቱ ጀርባ ላይ የክርስትና ስሙንና የገዛበትን ዓመተ ምሕረት በምስማር ጭሮ ነበር። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፤ «ገ» ወደ ግራ ያዘነበለች። እኔ ያኔ 19 ዓመቴ ነው፤ አሠሪዬ ዘንድ ሙያ እየለመድኩ። የማለስለሻ ማሽን ላይ እጄ አዲስ ነበር። አባቴን ላስደስት ብዬ ሰዓቱን ደበቅ አድርጌ ወሰድኩና ጀርባውን ማሽኑ ላይ አስጠጋሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እንደ መስታወት አበራ። ማታ ስሰጠው አገላበጠው፣ እንደገና አገላበጠው። «አበራኸው እኮ» ብሎ እጁ ላይ አሰረው። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሰዓቱ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ጀርባውን በአውራ ጣቴ ስዳብሰው ልስልስ ይላል። ምንም የለም።

ገበያውም እንደዚሁ ነው። የተሞረደ ቀፎና እንደገና የተቀባ ፊት ዋጋ ይጥላል። ሰብሳቢዎች ቢጫ የሆነውን የመጀመሪያውን ፊት ከአዲሱ ቅብ ይመርጣሉ።

መስታወቱ ግን ይነካል። በጥፍር ሲመታ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ነጭ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርጎ በቀስታ ማሸት ትንንሹን ጭረት ያጠፋል። የጥርስ ሳሙናው ግን ወደ ጠርዙ እንዳይገባ። ብርጭቆ ከሆነ አትድከሙ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው። ቀኑ ግን በማይሆን ጊዜ ይቀየራል። ተበላሽቶ ነው?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። አልተበላሸም። ሰዓቱ ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገጥሙ ቀን ይቀይራል፤ በቀን አንዴ። በፈረንጅ ያሰረ ሰው በእኛ ሌሊት ስድስት ላይ ይቀየርለታል። በእኛ የምትሞላ ከሆነ ግን ወይ ጠዋት 12 ላይ ወይ ምሽት 12 ላይ ነው። የቱ እንዲሆን የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ምሽት ከተቀየረብህ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት አዙራቸው፣ ጠዋት ይሆናል።

አደጋው እዚህ ነው። ቆጣሪዎቹ ከ9 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሆነው ቀን ሊቀየር ሲል ጥርሶቹ ተያይዘዋል። ቀኑ ጠዋት ላይ ለሚቀየርለት ሰው ይህ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው። በዚያ ጊዜ ቀኑን በግድ ብትገፋው ጥርስ ይሰበራል። መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አምጣ፤ ከዚያ ቀኑን አስተካክል፤ ከዚያ ሰዓቱን ሙላ።

ሌላም አለ። ወራችን 30 ቀን ነው፤ ሰዓቱ 31 ድረስ ይቆጥራል። በየወሩ መባቻ አንድ መግፋት ግድ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 1 ላይ ደግሞ 6 ይልሃል፤ 26 ጊዜ ትገፋለህ። እኔ በዕንቁጣጣሽ ቡና እየተፈላ ቁጭ ብዬ እገፋለሁ።

ሹፌር ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ ጣርማ በር ስደርስ መስታወቱ ውስጥ ጉም ይሠራል። ሰዓቱ የአባቴ ነው።

ሸዋ ሮቢት ያለው ሞቃት አየር እርጥበት ይዞ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣርማ በር ላይ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ጀርባው ላይ «ውሃ አያስገባም» የሚል ይኖራል። እሱ ከተጻፈ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ጎማ ቀለበቱ ደርቋል። ቶሎ አስከፍተህ አስደርቀው፣ ቀለበቱንም አስቀይር። ቆጣሪዎቹ የሚቆሙበት ብረት ቀጭን ስለሆነ ዝገት አይምረውም። እስከዚያው ለሥራ ሌላ ሰዓት እሰር።

አባቴ ወታደር ነበር። በሩስኪ ፊደል የተጻፈበት ራኬታ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ብዙ ገብቷል። ራኬታ ሌኒንግራድ አጠገብ፣ ሌላው የሩስኪ ሰዓት ፖልዮት ደግሞ ሞስኮ ውስጥ ይሠራ ነበር። በገንዘብ ርካሽ ናቸው፤ ግን ጠንካሮች ናቸው፣ መለዋወጫም ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ በኢንተርኔት አዲስ የታተመ የራኬታ ፊት ይሸጣል። ቆንጆ ነው ብለህ እንዳትቀይር።

የአያቴ ሰዓት ፊቱ ላይ ዘውድ አለው። ጃንሆይ የሸለሙት ይሆን?

መጀመሪያ ዘውዱን በደንብ እይ። የሮሌክስ ምልክትም ዘውድ ነው። አምስት ጫፍ ያለው ዘውድ ከሆነ ጃንሆይ የሉበትም (እውነተኛ ሮሌክስ ከሆነ ግን አትዘን)።

የእውነት ሽልማት ከሆነ ዋጋው ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ ፓቴክ ፊሊፕ የሚሉት የስዊስ ሰዓት በፈረንጆቹ 2017 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አውጥቷል። ያን ዋጋ ያመጣው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ የማን እንደነበር መታወቁ ነው። ስለዚህ አያትህ ሰዓቱን አስረው የተነሱት ፎቶ፣ የሽልማት ደብዳቤ፣ የድሮ ደረሰኝ፣ ካለ ሣጥኑም፣ አንድ ላይ አስቀምጥ። የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቀህ ጻፍ። ሰዓቱን ግን «ላጣራልህ» ለሚል ሰው ሰጥተህ እንዳትመለስ።

የድሮ ሰዓት ቁጥሮቹ ጨለማ ውስጥ ያበሩ ነበር። አሁን አያበሩም። ልጆች ይጫወቱበታል።

ከልጆች እጅ አውጡት። እስከ ፈረንጆቹ 1960ዎቹ ድረስ የሚያበራው ቀለም ራዲየም የሚባል ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ነገር ነበረው። ማብራቱ ያቆመው አብሮት የተቀላቀለው ዱቄት ስለደከመ ነው እንጂ ራዲየሙ አልሞተም፤ ግማሹ ለማለቅ እንኳ 1,600 ዓመት ይፈጃል። ተዘግቶ ሩቅ ቢቀመጥ ብዙ አያሰጋም። ከፍቶ መፋቅ፣ ዱቄቱን መተንፈስ ነው ክፉው። መኝታ ቤት አታኑሩት፤ ለጠጋኙም ሳይከፍተው ንገሩት። ከታች «ቲ ስዊስ ቲ» የሚል ካለው ትሪቲየም ነው። እሱ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከራዲየም ይሻላል።

የት ላስቀምጠው?

ደረቅ ቦታ። የቆዳ ማሰሪያውን ፍታና ለብቻ አድርገው፤ ላብና ቅቤ ጠጥቷል። በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ድምፅ ማጉያ አጠገብ አታስቀምጠው፤ ማግኔት ከያዘው መቅደም ይጀምራል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አስወጣ፤ ሲፈስ ሁሉንም ይበላል። በእጅ የሚሞላ ሆኖ ዓመታት ከቆመ ደግሞ «ይሠራ ይሆን?» ብለህ ሙሉ በሙሉ አትሙላው። ዘይቱ ደርቋል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። ጥቂት ዙር ሞልተህ መሄዱን ካየህ በቂ ነው፤ ከዚያ ለጽዳት ውሰደው። የሚታሰር ከሆነ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይጸዳ።

ጋሼ፣ አባቴ ሰዓቱን በየማታው ነበር የሚሞላው። እሑድ ማታ ሞልቶ ተኛ፣ ሌሊት ዐረፈ። ሰዓቱ ግን ከቀብሩ በኋላም ይሄድ ነበር፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቆመ። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ነው መቆሙን የሰማችው። እኔ አስጠግኜ ማሰር እፈልጋለሁ። እሷ አትንኩት ትላለች። (ከሞላሌ)

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት አንዴ ከሞሉት 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ልክ ነው። የቆመ ሰዓት ውስጥ የሚፋጭ ነገር የለም፣ ስለዚህ ቢቆይ አይጎዳም። ማሰሪያውን ብቻ ፍቺው። መሙያውንም ቆጣሪዎቹንም አትንኪ፤ ያለበት ላይ ይቀመጥ። እናትሽ ራሳቸው «ውሰጂው» ያሉ ቀን ይዘሽው ነይ፤ ከመክፈቴ በፊት የቆመበትን ፎቶ አንስቼ እሰጥሻለሁ።